ጥርስ፦ የመንጋጋው ስም ለሁሉም የተረፈበት ቃል

በአማርኛ ከፊተኛዋ ስስ ጥርስ ጀምሮ ጉንጭ ሥር እስከተደበቀው ድረስ ሁሉም «ጥርስ» ነው። ቃሉ ሲነሳ ግን የሁሉም ስም አልነበረም። ከኋላ ተደርድሮ እህሉን የሚያደቀውን፣ ዛሬ «መንጋጋ» የምንለውን ብቻ ነበር የሚጠራው። የጠቅላላው ስም ስን ነው። አማርኛ ስንን ጥሎ የመንጋጋውን ስም ለሁሉም ሰጠ። ይህን ማወቁ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ሕመምን ለማስረዳትም ይጠቅማል።

ከስን እንጀምር። በግዕዝ አንዱ ስን፣ ብዙው አስናን ነው። የግዕዙን ወንጌል ሲነበብ የሰማ ሰው በማቴዎስ 8፥12 ላይ ያለውን «ብካይ ወሐቅየ ስነን» ያውቀዋል፤ አማርኛው «ልቅሶና ጥርስ ማፋጨት» ይለዋል። ሐቅይ ማፋጨቱ፣ ስነን ደግሞ ጥርሱ ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ ስኒ ይላል። ሐረሪና የጉራጌ ቋንቋዎችም ስን ይላሉ። ከባሕር ማዶ ዐረብኛው ሲን፣ ዕብራይስጡ ሼን፣ ሱርስቱ (የአራማይክ አንዱ ዘር) ሺና፣ የጥንቶቹ የባቢሎንና የአሦር ሰዎች ቋንቋ አካድኛ ደግሞ ሺኑ ብሎታል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። የግዕዙ አስናን ከዐረብኛው ብዙ ቁጥር ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ «ጠቢብ አስናን» የሚለውን የሚያነብ የግዕዝ ተማሪ ሁለተኛዋን ቃል ሳይጠይቅ ያውቃታል።

አሁን ወደ ጥርስ። ግዕዙ ፅርስ ነው፤ ብዙው አፅራስ ይባላል፤ ትርጉሙም መንጋጋ ጥርስ ነው። ዐረብኛ ይህንኑ ቃል ዷድ በሚባለው ከባድ ፊደል ጽፎ ድርስ ይለዋል፤ ብዙውን አድራስ። ዛሬም ዐረብ ድርስ ሲል የኋላውን መንጋጋ ብቻ ማለቱ ነው፤ ለፊት ጥርስ አይለውም። ሱርስትም ቃሉን ይዞታል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ድምፅ ዐይን ወደሚባለው የጉሮሮ ድምፅ ለውጦ ዐርሻ ብሎታል። ይህ ለውጥ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ዐረብኛ አርድ የሚለውን «ምድር» ዕብራይስጥ ኤሬጽ፣ አራማይክ ደግሞ አርዓ ይለዋል። ዐረብኛ ዷድ ባለበት፣ ግዕዝ ፀ፣ ዕብራይስጥ ጻዴ፣ አራማይክ ዐይን ያመጣል። «ዕፅ» የሚለው የግዕዝ ቃልም በዕብራይስጥ ዔጽ ሆኖ እዚያው መስመር ላይ ይቆማል፤ አማርኛ እንጨት ያለው እሱኑ ነው።

ታዲያ ፅርስ እንዴት ጥርስ ሆነ? በግዕዝ ፀ እና ጸ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ኋላ በአፍ ላይ አንድ ሆኑ፤ ልዩነታቸው በጽሕፈት ብቻ ቀረ። ለዚህ ነው የፊደል መምህር አንዱን ጸሎቱ ጸ፣ ሌላውን ፀሐዩ ፀ እያለ በስም የሚለየው። ከዚያ አማርኛ ይህን የተዋሐደ ድምፅ በብዙ ቃላት ላይ ወደ ጠ አወረደው። ፅብእ ጠብ ሆነ። ጽፍር ጥፍር፣ ጸምአ ጠማ፣ ጸንዐ ጠና፣ ጸቢብ ጠባብ ሆኑ። ፅርስም በዚሁ መንገድ ጥርስ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በገጠር አማርኛ ጾምም ጦም፣ ጸሎትም ጠሎት፣ ፀሐይም ጠሐይ ሆነው ነበር፤ አሁንም የሚሏቸው አሉ። ቤተ ክህነትና ትምህርት ቤት ግን እነዚህን መልሰው ወደ ጸ አመጧቸው፤ ምክንያቱም ጾም፣ ጸሎትና ፀሐይ በየዕለቱ የሚነበቡ ቃላት ናቸው። ፅርስን ማን በየዕለቱ ያነበዋል? የሚነበበው ስን ነበር። ስለዚህ ጥርስን ወደ ፅርስ የሚመልሰው አልተገኘም። ጥፍርም እንዲሁ በጠ እንደቀረ ነው። ጠጉር ግን ከሁለት ያጣ አልሆነም፤ ግማሹ ሰው ጠጉር፣ ግማሹ ፀጉር ይላል፤ ሁለቱም ልክ ነው። «ጥርስ» ተብሎ የተጻፈውን ለማሳመር ብሎ «ፅርስ» የሚያደርግ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ቃሉን አላረመውም፤ ቋንቋ ነው የለወጠው።

የአንዱ ክፍል ስም ለጠቅላላው መዋሉ በአማርኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሴም ቋንቋዎች ለጥርስ ሦስት ያረጁ ቃላት አሏቸው፤ ለጠቅላላው ስን፣ ለመንጋጋው ፅርስ፣ ለክራንቻው ደግሞ ዐረብ ናብ የሚለው። ትግርኛ የመጀመሪያውን ይዞ ቀረ። ትግረ ጥርስን ኒብ ይለዋል፤ ያ የክራንቻው ስም ነው። አማርኛ የመንጋጋውን መረጠ። ሦስት ጎረቤት ዘመዳሞች ከአንድ አፍ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ ማለት ነው። ከኩሽ ጎረቤቶችም የተበደረ የለም፤ ኦሮምኛ ኢልካን፣ ሶማልኛ ኢልኮ ይላሉ፤ አገውኛም የዚያው ዘር የሆነ ቃል አለው፤ አማርኛ ግን በዚህ ቃል ወደዚያ አልሄደም። አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ስንት ነገር እንደወሰደ ለሚያውቅ ይህ ራሱ ይገርማል።

የመንጋጋው ስም ለሁሉም ሲሰጥ መንጋጋው ራሱ ስም አልባ ሆነ። ክፍተቱን የሞላው «መንጋጋ» ነው፤ ኦሮምኛም በዚሁ ቃል ይጠቀማል። መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ ጥርሱም ነው። «መንጋጋዬን መታኝ» ሲባል አጥንቱ፣ «መንጋጋዬን ተነቀልኩ» ሲባል ጥርሱ ነው። አሻሚ ሲሆን «የመንጋጋ ጥርስ» ይባላል። በታሪኩ ካየነው «የመንጋጋ መንጋጋ» እንደማለት ነው፤ ግን ማንም አይሰማውም። ከመንጋጋው ፊት ያለው ሹል ጥርስ ክራንቻ ይባላል፤ ለውሻና ለአውሬ በብዛት ይነገራል እንጂ የሰውም ክራንቻ ነው። ከዚያ ወደ መሐል ያሉት የፊት ጥርስ ናቸው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። የልጅ የወተት ጥርስ 20 ነው፤ 8 የፊት፣ 4 ክራንቻ፣ 8 መንጋጋ። የአዋቂ 32 ነው፤ 8 የፊት፣ 4 ክራንቻ፣ ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት 8 ትንንሽ መንጋጋዎች፣ ከኋላ 12 ትልልቆቹ። ከ12ቱ የመጨረሻዎቹ 4 ዘግይተው፣ ብዙውን ጊዜ ከ17 ዓመት በኋላ ይመጣሉ፤ ለአንዳንዱ ጭራሽ አይመጡም። ዐረቦች ይህን የመጨረሻውን ድርስ አልዐቅል፣ የአእምሮ መንጋጋ ይሉታል።

ወላጆችን የሚያሳስተው የ6 ዓመቱ መንጋጋ ነው። የልጅ ጥርስ ሲለወጥ የለመድነው መጀመሪያ ወልቆ ከዚያ በቦታው አዲስ ሲበቅል ነው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ግን በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ ምንም ሳይወልቅ ብቅ ይላል። ምንም ስላልወለቀ የወተት ጥርስ ይመስላል፤ ሲቦረቦር «ይለወጣል» ተብሎ ይተዋል። አይለወጥም። ልጁ እስከ ሽምግልና የሚይዘው ጥርስ እሱ ነው። ለማረጋገጥ በአንድ መደዳ ከመሐል ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ የወተቶቹ በእያንዳንዱ ጎን 5 ናቸው፤ 6ኛ ካለ ቋሚው መጥቷል።

አሁን በጣም ወደምወደው ቦታ ልምጣ፤ ጠረሰ የሚለው ግሥ። ሎሚ የመጠጠ ሰው «ጥርሴን ጠረሰኝ» ይላል። ጨርቋ ወይን፣ ያልበሰለ ብርቱካን፣ ኮምጣጤ፣ ሁሉም ይጠርሳሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኤርምያስ ምዕራፍ 31 አባቶች ጨርቋ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን አባባል የተረጎመው በዚሁ ግሥ ነው። ዐረብኛውም በዚያው ቦታ ደሪሰ የሚለውን ግሥ ይጠቀማል፤ ከድርስ የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ለዚያ ልዩ ስሜት፣ ለዚያ ከጥርስ ወደ ጆሮ ለሚሮጥ ነገር፣ ከመንጋጋው ስም ያንኑ ግሥ አላቸው። አማርኛ የቃሉን የድሮ ትርጉም ቢረሳም ግሡን አልጣለም። «ጥርሶች ጠረሱ» ሲባል ድግግሞሽ የሚመስለው ሥሩ አንድ ስለሆነ ነው።

ጥርስ የሚጠርሰው ለምንድን ነው? የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከአጥንት የጠነከረ ማዕድን ነው፤ አሲድ ግን ይፈታዋል። አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች 5.5 ገደማ ሲደርስና ከዚያ ሲወርድ ሽፋኑ ማዕድን መልቀቅ ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው። ሽፋኑ የሳሳበት ወይም ድድ የሸሸበት ቦታ ላይ፣ በሥሩ ያለው ንብርብር እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ነርቩ ይነካል። መጥረስ ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ጥፋት ሎሚ ከጠጣ በኋላ «ልታጠበው» ብሎ ወዲያው መቦረሽ ነው። አሲዱ ያለሰለሰውን ሽፋን ብሩሹ ይጠርገዋል። በውኃ መጉመጥመጥ፣ ከዚያ 30 ደቂቃም አንድ ሰዓትም መታገሥ ነው። ጥርስ ለማንጣት ሎሚና ጨው መፈተግ የሚባለው ምክር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ያነጣል፣ በኋላ ሽፋኑ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ቢጫ ንብርብር ይወጣል።

ስንና ሥን የሚምታቱበት ነገርም አለ። ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ሥርዓት የምንላቸው በሠ የሚጻፉት ከሠነየ፣ ማማርና መልካም መሆን ከሚለው ስለመጡ ነው። ጥርስ የሆነው ስን ግን በሰ ነው። «ስነ ጽሑፍ» ብሎ በሰ የሚጽፍ ሰው በግዕዝ ዓይን የጽሑፍ ጥርስ ጽፏል። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ስለሆኑ ማንም አይቀየምም፤ ግዕዝ ለሚማር ግን ይህ ከመጀመሪያዎቹ ወጥመዶች አንዱ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ሠ ራሱ ነው። የዕብራይስጡ ሺን ስሙ ከጥርስ ጋር የተዛመደ፣ ቅርፁም ሦስት ጫፍ ያለው ነው፤ የእኛ ሠ ደግሞ በደቡብ ዐረብ ፊደል በኩል የዚያ ፊደል ወንድም ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ጥርስ አልነበረም፣ ቀስት ነበር የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ግዕዝ ጥርስ በሚመስለው ፊደል ውበትን ጽፎ፣ ጥርስን በሌላው ጻፈ።

የዝሆን ጥርስም የራሱ ጉድ አለው። ግዕዝ ቀርነ ነጌ፣ የዝሆን ቀንድ ይለዋል። አማርኛ ጥርስ ማለቱ ልክ ነው፤ ቀንድ አይደለም፣ ከላይኛው መንጋጋ የወጣ የፊት ጥርስ ነው። በቃሉ ታሪክ ከሄድን ግን «የዝሆን መንጋጋ» ማለታችን ነው፤ የዝሆን እውነተኛ መንጋጋ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከኋላ ወደ ፊት እየተገፋ በዕድሜው 6 ጊዜ የሚተካ፣ ጠፍጣፋና ሸንተረራም ነው። የመጨረሻው ሲያልቅ ዝሆኑ ማኘክ ያቅተዋል።

ወደ አነጋገሩ ስንመጣ ጥርስ ሥራው ብዙ ነው፤ ለውጭ ሰው የሚከብደውም ትንንሾቹ ልዩነቶች ናቸው። «ጥርሱን ነክሶ ተማረ» ማለት ችግሩን ችሎ ነው። «ጥርሱን ነከሰበት» ሲባል ግን ቂም ነው፤ «በ» ስትገባ ትርጉሙ ይገለበጣል። ቂሙ ከተቀባዩ በኩል ሲነገር «የአለቃው ጥርስ ውስጥ ገባ» ይባላል። ይህ ሰውዬ ስህተት ባይሠራም ከዚያ በኋላ ምንም አይሳካለትም፤ ፈቃድ ሲጠይቅ ወረቀቱ ይጠፋል። «ጥርሱን የነቀለበት ሙያ» ደግሞ ከልጅነት እስከ እርጅና የቆየበት፣ ጠንቅቆ የሚያውቀው ነው። «ጥርስ አያስከድንም» ለሳቅ፣ «ጥርሱን አያሳይም» ለኮስታራ፣ «ጥርስ የሌለው ሕግ» ለማይፈጸም ሕግ። ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ «ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ» ይላል፤ ሁለቱም እዚያው አፍ ውስጥ አብረው እንደሚያድሩ ሁሉም ያውቀዋል።

ውበት ላይም ቃላቱ ብዙ ናቸው። ነጭ ጥርስ ሐጫ በረዶ ነው። ከፊት ሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ፍንጭት ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ይመሰገናል፤ ውጭ አገር ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም ግን ሳይጠየቅ ሊዘጋው ይነሳል፤ ካልፈለጋችሁ «ይኑር» ማለት ነው። ወደ ውጭ የወጣ ጥርስ ያለው ገጣጣ ነው፤ ይሄኛው ስድብም ስለሆነ ከአፍ ባይወጣ ይሻላል። የበለዘ ጥርስ የሚባለው የቡናማ ቀለም ያለው ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ የሚታየው መበለዝ ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፤ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ በዝቶበት፣ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ስለያዘው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በመፋቅ አይለቅም፤ እዚያ ያደገን ሰው «ጥርስህን አትፋቅም?» ማለት ነውርም ነው፣ ስህተትም ነው።

ግሦቹን ለይቶ መጠቀም ያስፈልጋል። ጥርስ በእንጨት ይፋቃል፣ በብሩሽ ይቦረሻል፣ ሐኪም ቤት ይታጠባል። «ጥርሴን ላሳጥብ ነው» ያለ ሰው በድድ ዙሪያ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ቆሻሻ ሊያስነሳ ነው እንጂ የጥርስ ሳሙና አልጨረሰም። መፋቂያው ከወይራ ወይም ከክትክታ ሲሆን የእርሳስ ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ይበቃዋል። ጫፉን ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ልጦ፣ ክሩ እስኪበታተን አኝኮ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ ነው። ወደ ጎን ሲገዘገዝ ድድ ያሸሻል። የደረቀ እንጨት ይቧጭራል፤ ውኃ ውስጥ መንከር ያለሰልሰዋል። የተጠቀሙበት ጫፍ በማግስቱ ተቆርጦ አዲስ ይታኘካል፤ የብዙዎች መፋቂያ የሚሸተው ይህ ስለሚዘለል ነው። በጥርስ መሐል የገባ ሥጋ ሲሆን ስቴኪኒ፤ ያችም ብትሆን ከጣልያንኛ የመጣች ናት።

ጥርስ ከአፍ የሚወጣበት መንገድም የየራሱ ግሥ አለው። በራሱ ጊዜ የለቀቀ ወለቀ። ሐኪም ያወጣው ተነቀለ። በቡጢ ወይም በእርጅና ብዙው አንድ ላይ ሲሄድ ረገፈ። ቁራጩ ብቻ ሲሄድ ተሸረፈ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት ጊዜ ያተርፋል፤ የተሸረፈና ከነሥሩ የወለቀ ጥርስ ሕክምናቸው አንድ አይደለም። የአዋቂ ጥርስ በአደጋ ከነሥሩ ከወለቀ፣ በነጩ፣ በምንነክስበት በኩል ይያዛል፤ ሥሩ አይነካም፣ አይፈተግም። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ማለቅለቅ፣ ሰውየው ራሱን ካልሳተ ወደ ቦታው መልሶ ጨርቅ አስነክሶ መሄድ ነው። ያ ካልተቻለ በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ይቀመጣል፤ በውኃ ውስጥ ግን አይቀመጥም፤ ውኃ በሥሩ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ያፈነዳል። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ከደረሰ ተስፋ አለ። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ሊጎዳ ይችላል።

ሕመምን ለመናገር አማርኛ ሀብታም ነው፤ ሀብቱ ግን በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ ሁሉም «ያማል» ብቻ ሆኖ ይደርሳል። «ይጠርሰኛል» በጎምዛዛና በቀዝቃዛ የሚመጣ፣ ወዲያው የሚያልፍ ነው፤ ሽፋኑ ሳስቷል ወይም ድድ ሸሽቷል። «ይነዝረኛል» እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። «ይጠዘጥዘኛል» ግን በራሱ የሚነሳ፣ ማታ ሲተኙ የሚብስ፣ ከሙቅ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፤ ይህ ነርቩ መቆጣቱን ያሳያል፣ ማስሞላት ብቻ ላይበቃው ይችላል። «ስነክስበት ያመኛል» ስንጥቅ ወይም ከሥሩ መግል ሊሆን ይችላል። በሌላ ቋንቋ ስትታከሙ ቃሉ ቢጠፋችሁ እንኳ ሦስት ነገር አስረዱ፦ ምን ሲነካው፣ ለስንት ደቂቃ፣ ቀን ወይስ ሌሊት። የባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ፣ የኋላው ከሆነ ድርስ፣ የፊቱ ከሆነ ሲን በሉ፤ ሐኪሙ ገና አፍ ሳያስከፍት የት እንደሚያይ ያውቃል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የምትፈልጉት ሮፌ ሺናይም፣ የጥርስ ሐኪም ነው።

«የወተት ጥርስ» የሚለው ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ቃሉ በተለመደው አነጋገር ንጹሕ ነው፤ የሚለወጠው የልጅ ጥርስ ማለት ነው። በአንዳንድ አካባቢ ግን ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርስ ነው» ይባልና፣ ድድ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ቦታ በስለት ይወጣል። ያ እብጠት በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለው ክራንቻ ነው። የሚወጣው የወተቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የተቀመጠው ቋሚ ክራንቻም ሊበላሽ ይችላል፤ ባልተቀቀለ መሣሪያ ደም መፍሰስና መመረዝም ይከተላል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከድርቀት የሚያድነው የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው።

ከአፍ ውጭም ጥርስ ያለው ብዙ ነው። ሚዶ፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ መጋዝ፣ ማርሽ። የመጋዝ ጥርስ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ በትንሹ ያዘነብላል፤ የሚከፍተው መንገድ ከብረቱ ውፍረት እንዲሰፋ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይዞ ጥርሱን ብቻ እየሳለ ማዘንበሉን የረሳ አናጢ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ተነክሶ ይቀርበታል፤ ጥፋቱን የእርጥብ እንጨት ያደርገዋል። የብስክሌት ደግሞ ካቴናው እየተሳበ ሲረዝም ጥርሱን ይበላዋል፤ ጥርሱ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። እዚያ ላይ አዲስ ካቴና ቢገባ አቀበት ላይ ሲረገጥ ይዘላል፤ ስለዚህ ካቴናና ጥርስ አብረው ይቀየራሉ።